የእማ ዘይነባ ቤት መንገድ የዘጋ ዕለት

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም መንገድ ላይ ዓይኔ አርፎ አይሄድም። ሰው ሰላም ሲለኝ ፊቱን ከማየቴ በፊት እግሩ ሥር ያለውን ቦይ አያለሁ። ደለል ሞልቶት እንደሆነ፣ ማን የባቄላ ገለባ እንደደፋበት፣ የማን አጥር ወደ መንገዱ እንደተጠጋ ሳልፈልገው ይታየኛል። በቀደም ከለቅሶ ስንመለስ ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ አስናቀች፣ ከተማውን አስረክበሻል፤ አሁን እንደ ሰው ተራመጂ አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ዕድሜ ልኩን የሰው በረንዳና የሰው አጥር ሲለካ የኖረ ዓይን በአንድ የስንብት ምሳ አደብ አይገዛም።

ሥራዬ ደንብ ማስከበር ነበር። መንገድ ዘግቶ የሚነግደውን፣ ያለ ፈቃድ የሚገነባውን፣ እጣቢውን መንገድ ላይ የሚደፋውን፣ ላሙን ከተማ ውስጥ የሚለቀውን ተው ማለት። ስቀጠር ባለቤቴ፣ ቤት ውስጥ የምታስከብሪው ደንብ አንሶሽ ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። እናቴ ግን አልሳቀችም። የሰው ቤት የሚያፈርስ ልጁ አያድግለትም ስትባል ያደገች ናትና ፈራች። ልጆቼ በሰላም አድገዋል፤ የእናቴ ፍርሃት ግን ብዙ ዘመን አብሮኝ ሠርቷል።

መጀመሪያ የተመደብኩት ወግዲ ነው። እዚያ ትልቁ ሥራ የገበያ ቀን አህያ ነበር። አህዮች ከገበያው በታች ባለው ሜዳ ይታሰሩ የሚል ደንብ ወጥቶ፣ እኔ አዲሱን ሰደርያዬን ለብሼ መሐል መንገድ ላይ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ጤፍ የጫነች አህያቸውን ሱቅ በር ላይ አስረው አገኘኋቸውና ደንቡን ነገርኳቸው። በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ፣ እኔስ ገብቶኛል ልጄ፣ እሷን አስረጃት ብለው ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። አህያዋን እየጎተትኩ ሜዳው ድረስ ስወርድ ገበያተኛው ሥራውን ትቶ አየኝ። ደንብ በአፍ ብቻ እንደማይከበር ያን ዕለት ገባኝ።

ቀጥሎ አቀስታ ተዛወርኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። አለቃችን በጋቢያቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወንበራቸውን ከፀሐይዋ ጋር የሚያዞሩ ሰው ነበሩ፤ ጧት የፈለጋቸው ከግቢው በር፣ ከሰዓት የፈለጋቸው ከጓሮው ግንብ ሥር ያገኛቸዋል። ሰነፍ ይመስሉ ነበር እንጂ አልነበሩም። ደጅ ስለተቀመጡ ባለጉዳይ ሳይፈራ ይቀርባቸዋል፣ ብዙ ክርክርም ቢሮ ሳይገባ እዚያው ወንበራቸው ሥር ያልቃል። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ያውቀዋል፣ ያልሆነም ይጠረጥረዋል።

ሥራውን በእውነት የተማርኩት ግን ወደ ቤተሰቤ፣ ወደ መካነ ሰላም ተመልሼ ከጋሽ ይመር ጋር ስመደብ ነው። ጋሽ ይመር ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። አጥር እግር አለው ይሉኝ ነበር። በየዓመቱ አንድ ስንዝር ወደ መንገድ ይራመዳል፣ ሲራመድ ግን ማንም አያየውም። እሳቸው ያዩታል። ጎንበስ ብለው የእንጨቱን ሥር አፈር በጣታቸው ይፈትጉታል፤ አዲስ የተቆፈረ አፈር ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ላላ ያለ ነው። ግድግዳ አዲስ ተመርጎ ከሆነ ጭዱ ገና ቢጫ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያምኑት አፍንጫቸውን ነበር። ትኩስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስት ቤት አልፎ ይሸታቸዋል። ያለ ፈቃድ ቤት የሚቆመው ቢሮ ሲዘጋ ስለሆነ፣ በዓል በመጣ ቁጥር እኛ ዶሮ ስንበላ እሳቸው እያሸተቱ ይዞራሉ።

ሲለኩ የሜትሩን ጫፍ ለባለቤቱ ያስይዛሉ። አንዱን ጫፍ የያዘ ሰው በኋላ ተጭበረበርኩ አይልም፤ እሱም ለካ። ቤት ይፍረስ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ደግሞ አንድ ቀን ቀድመው ሰደርያቸውን አውልቀው ይሄዳሉ። ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ደንብ ከሰላምታ በኋላ ነው፤ ሰላም ያላለ ሰው ሕግ ቢያወራም ቀማኛ ይመስላል ይሉ ነበር። ሰኔ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ፣ እፍኝ ገለባ ይዘው የላይኛው መንገድ ላይ ይወጣሉ። ገለባውን ውሃው ላይ ይበትኑትና አብረውት ቁልቁል ይወርዳሉ። የት እንደሚፈጥን፣ የት እንደሚሽከረከር፣ የማን ደጅ ላይ እንደሚቆም ያያሉ። እኔም ከኋላቸው እየተንሸራተትኩ ሄጃለሁ። ከተማችን ከላይ እስከ ታች የውሃ መንገድ መሆኗን፣ እኛ በፈቃዱ ላዩ ላይ እንደተቀመጥን ያኔ አየሁና ፈራሁ።

ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሰው አንድ ጊዜ ተሳሳቱ። አንድ ልብስ ሰፊ ቤቱ ላይ አንዲት ክፍል ቀጥሎ ቦዩ ላይ አውጥቷል። ትእዛዙ ደርሶት፣ ቀኑ ደርሶ ልናፈርስ ስንሄድ ሚስቱ ወልዳ አገኘናት። አራስ ቤት አይነካም። በእኛ አገር ይህን እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቃል፤ ደንቡ ላይ አልተጻፈም እንጂ ከደንቡ ይበልጣል። ጋሽ ይመር ደጅ እንደቆሙ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ አሉና አራሷ እስክትወጣ ቀን ሰጥተው ተመለሱ። ሁላችንም አመሰገንናቸው።

ዝናቡ ግን ቀደመ። ጎርፉ የተሸከመው ድንጋይና ጉቶ ከክፍሏ ሥር ተሰነቀረ፣ ውሃው ተጠራቅሞ ግድግዳውን ገፋው። ጎረቤት ደርሶ እናትና ልጅን አወጣ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ሊያድን ተመልሶ ሲገባ ግድግዳው ቀኝ እጁ ላይ ወደቀ። እጁ ተረፈ፤ ጣቶቹ ግን ከዚያ ወዲያ መርፌ አልያዙም። ጋሽ ይመር ሰውየው የታከመበት ጤና ጣቢያ ደጅ ላይ ተቀምጠው፣ «እኔ ለሰውየው ቀን ሰጠሁት። ውሃው ቀን አልሰጠውም» አሉኝ።

ያን ነገር ለብዙ ዓመት ትምህርት ነው ብዬ ልወስደው አልቻልኩም፤ ምን እንደሚያስተምር አላወቅሁማ። ያን ቀን ማፍረስ ልክ አልነበረም። መተውም ልክ አልነበረም። ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ማንም አልነገረኝም።

ጋሽ ይመር ጡረታ ወጥተው፣ በኋላም ዐርፈው፣ ቡድኑን እኔ በምመራበት ጊዜ ትልቁ ቦይ መጣ። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በየክረምቱ የታችኛውን ሰፈር ሲገባበት ኖሮ፣ በድንጋይ የሚገነባ ሰፊ መውረጃ እንዲሠራ ተወሰነ። ሰፈሩ ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ። መስመሩ ሲቸከል ግን እማ ዘይነባ ቤት ላይ ዐረፈ።

እማ ዘይነባ ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆናቸው አሮጊት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ናት፣ በስልክ ድምፅዋ ብቻ ይመጣል። ሰው ሲመራቸው ግን አይቼ አላውቅም። ጧት ከደጃቸው ወጥተው አጥሩን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ይሄዳሉ። አጥሩ ሲያልቅ የወፍጮ ቤቱን ድምፅ በግራ ጆሯቸው አድርገው ያቋርጣሉ። ቦኖ ውሃው ጋ ሲደርሱ ወረፋ የያዙት ሴቶች ይቀበሏቸዋል። ከዚያ አንዱ ቤት ቁርስ፣ አንዱ ቤት ወሬ፣ አንዱ ቤት ሕፃን ማባበል ነው። እናቲቱ ገበያ ስትሄድ ልጇን ለእማ ዘይነባ ትሰጣለች፤ የሰፈሩ ግማሽ ጎልማሳ እሳቸው ትከሻ ላይ ያንቀላፋ ነው። ሰፈሩ ዓይናቸው ነበር፣ እሳቸውም ለሰፈሩ እናት።

ቤታቸው ትንሽ ናት፣ ደንቡ ሳይወጣ በፊት የተሠራች። ስለዚህ ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ቦታው ግን ከከተማው ጫፍ፣ ነፋስ ብቻ የሚኖርበት ሜዳ ላይ ነው።

ጋሽ ይመር እንዳስተማሩኝ አንድ ቀን ቀድሜ ሰደርያዬን አውልቄ ሄድኩ። እንደምን ዋላችሁ ብዬ ከልጃቸው ጤና ጀምሬ ዶሮዎቻቸው ድረስ ጠየቅሁ። በመጨረሻ ፈገግ አሉና፣

«ደንብ ነሽ መሰል» አሉኝ። «ሰላምታሽ ረዘመ።»

በማግሥቱ የሜትሩን ጫፍ አስያዝኳቸው። ግድግዳቸው ላይ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ያዙ፣ እኔ ችካሉ ድረስ ሳብኩት። ስንቱ ገባ ብለው ጠየቁኝ፤ ሁሉም ገብቷል አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ግማሹ ቢሆን የቀረውን ግማሽ ስጠብቅ ልሞት ነበር ብለው ቀለዱ። እኔ አልሳቅሁም። እሳቸውም እጃቸውን ከግድግዳው ሳያነሱ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ውሃም መንገዱን ይፈልጋል፤ አልቃወምም። ግን እዚያ ሜዳ ላይ ጧት ተነስቼ እጄን ምን ላይ ላድርግ? የማንን ደጅ ልምታ?»

አብሽሩ ብያቸው ወጣሁ። ብተዋቸው ልብስ ሰፊው ይታየኛል። ወደ ሜዳው ብወስዳቸው፣ ከሰፈሩ የተነጠሉ ቀን ቤት ቀርቶ ነፍስ እንደማይቀራቸው አውቃለሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለሌላው ሰው ምክር ነው፤ ለእሳቸው ግን እንጀራ ነበር።

የዚያን ጊዜ አለቃዬ ኢንጂነር ሰላማዊት የምትባል ከደሴ የመጣች ልጅ ናት። ቁጡ ናት ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ነገሩን ስነግራት ወረቀቱን አልገለጠችም፣ ቦቲ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። መስመሩን ከላይ እስከ ታች በእግሯ ሄደችው። በአንድ ወገን አለት ነው፤ በሌላው ወገን ቢዞር ውሃው ወፍጮ ቤቱንና ከሥሩ ያሉትን ቤቶች ይገባባቸዋል። ችካሉ አጠገብ ተቀምጣ ብዙ አሰበች። መስመሩን ማንቀሳቀስ አልችልም፣ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ አምጪልኝና እኔ እከራከርልሻለሁ አለችኝ።

የሚንቀሳቀሰውን ያመጣው ቅሬው ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። በእኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይቆፍራል፣ ሌላው ድንኳን ይተክላል። ቅሬው ከእማ ዘይነባ ቤት ከፍ ብሎ፣ ከቦኖው አጠገብ፣ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱንና ቃሬዛውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ነበረው። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አራጋው አናጢ ናቸው፣ ከተናገሩ አጭር ነው። ከአንድ ቀብር መልስ ሰውን አስቀምጠው፣ የሜዳውን ቦታ ቅሬው ይውሰድ፣ የቅሬው ቦታ ለዘይነባ ይሁን አሉ።

አንዱ ተነስቶ፣ በክረምት ሰው ሲሞት ድንኳኑን ከዚያ ሁሉ ርቀት ማን ያመጣዋል ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ጋሽ አራጋው ወደ ሰውየው ዞረው፣ «የሞተ ሰው አይቸኩልም። በሕይወት ያለችውን እናስጠጋ» አሉት። ሰውየውም አሰብ አድርጎ ተቀመጠ። ሸሁም ቄሱም በዚያው ዱአ አደረጉና ነገሩ አለቀ።

በወረቀት ግን አላለቀም። ሰላማዊት ለዚህ ልውውጥ የዞረችባቸውን ጠረጴዛዎች ላንሳ ብል ይህን ጽሑፍ የሚጨርስ አይኖርም። ፈቃዱ ሲመጣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ቦዩን የሚቆፍሩት ሠራተኞችም ከላይ እየወረዱ እማ ዘይነባ አጥር ደርሰዋል። ቤቷን ነቅሎ እንደገና ለመሥራት ጊዜ የለም። ጋሽ አራጋው ጣሪያው ላይ ወጥተው ቆርቆሮውን በመዶሻ ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። ዝገቱ በልቶታል፤ ሚስማሩ ከተነቀለ ግማሹ ዱቄት ይሆናል፣ ዝናቡም ባዶ ማገር ላይ ይወርዳል። ከጣሪያው ወረዱና እጃቸውን አራገፉ።

ገጠር የሳር ጎጆ ክዳን በትከሻ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ጎተራም ከነእህሉ ይሸከማሉ። የቆርቆሮ ቤት ከነማገሩ፣ ያውም ከተማ መሐል፣ ሰምቼም አላውቅም። ጋሽ አራጋው እንደ ቀላል ነገር፣ እንደ ጎተራ አድርገን እንወስዳታለን አሉ። ሰላማዊት መጥታ ቋሚዎቹን አየች። ቤቷ በትከሻ ላይ ስትወዛወዝ እንዳትጣመም በየማዕዘኑ ሰያፍ እንጨት ይመታ ብላ ቦታውን አሳየች። ጋሽ አራጋው ራሳቸውን ነቀነቁና እንዳለችው መቱት።

ያን ጧት ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ ምርጊቱን አራግፈው ጨርሰዋል፤ ቤቷ በእንጨት አጥንቷ ብቻ ቆማ በወዲያኛው በኩል ሰማይ ይታያል። ወንዶቹ የቋሚዎቹን ሥር ቆፍረው አላቀቁ፣ ረጃጅም አጣና ከሥር አግድም አስረው ዙሪያውን ቆሙ። እስላሙ በሱብሒ ሶላት፣ ክርስቲያኑ በኪዳን የጀመረው ዱአ እዚያም ቀጠለ፤ ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። ከዚያ ጋሽ አራጋው በሉ አሉና ቤቷ ከመሬት ተነሳች።

ያን ድምፅ አልረሳውም። ቆርቆሮው ተንጫጫ፣ እንጨቱ አቃሰተ፣ ሰውም አንድ ላይ ትንፋሹን ዋጠ። እማ ዘይነባን ጎረቤት ቤት ተቀመጡ ቢሏቸው እምቢ አሉ። ቀኝ እጃቸውን የበራቸው መቃን ላይ አድርገው፣ ቤታቸው ሲሄድ አብረውት ሄዱ። በሕይወቴ ያን የሚያህል ነገር አላየሁም። ቤቱ ይሄዳል፣ ባለቤቲቱ መቃኑን እንደ ልጅ እጅ ይዘው ከጎኑ ይሄዳሉ።

በአቋራጩ እንዳይወጡ ጠባብ ነው። ስለዚህ በዋናው መንገድ መዞር ግድ ሆነ። መንገድ መዝጋት ክልክል ነው የሚለው የሥራ ዘመኔ ሁሉ የመጀመሪያ ቃል ነበር፤ ለሰርግ ዳስ፣ ለአሸዋ ክምር፣ ለድንች ጆንያ ስንቱን አስነስቻለሁ። ያን ዕለት ፊሽካዬን ነፍቼ መንገዱን ራሴ ዘጋሁት። ከአቀስታ የሚመጣ ሚኒባስ አፍንጫዬ ሥር ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ምን እንደሚመጣ ጠየቀኝ። ቤት ነው አልኩት። የማን ቤት አለኝ። ልመልስለት ስል ቤቷ ከጠምዛዛው ብቅ አለች።

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ከሚኒባሱ አንድ ሰው ወረደ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሁሉም። ማንም ኑ አላላቸውም። ሻንጣቸውን ለሴቶች ሰጥተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ክፍት ቦታ እየፈለጉ አጣናው ሥር ገቡ። አንዱ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያለ ሲገባ ከፊት ያለው፣ ወንድሜ፣ ሎሚው ይህ ከሆነ ዛፉ ስንት ይመዝናል ብሎ አሳቀው። የማያውቁትን ሰው ቤት፣ በማያውቁት ሰፈር፣ መንገዳቸውን ትተው ተሸከሙ። እንባዬ መጣ። ሰደርያ የለበሰ ሰው መንገድ ላይ አያለቅስም ብዬ ፊቴን ወደ መኪናዎቹ አዞርኩ።

ዳገቱ ላይ አንድ ሰው ተንሸራተተና በጉልበቱ ወደቀ። ቤቷ ወደ እሱ ጎን አዘነበለች፣ ቆርቆሮው እንደ ነጎድጓድ ጮኸ። ሰላማዊት ከአጠገቤ እጄን ጨበጠችኝ። ሰያፎቹ ተንቋቁተው ያዙ። የወደቀው እስኪነሳ ከኋላው የነበረው ቦታውን ሸፈነ፣ እማ ዘይነባም እጃቸውን ከመቃኑ ሳያነሱ፣ «አይዞን፣ አላህ ያግራልን» አሉ። ቤቷ ቀና አለች።

አዲሱ ቦታ ስንደርስ የመጨረሻው ችግር የእኔ ነበር። ቤቷ ከመቀመጧ በፊት ከመንገዱ ያላትን ርቀት ሰላማዊት አንዱን ጫፍ፣ እኔ አንዱን ይዘን ለካን። የጣሪያው ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል መስመሩን አልፏል። ሰዎቹ ከነሸክማቸው ቆመዋል፣ ላባቸው ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። ዝም ብል ማን ያውቃል? እኔ ግን አንድ ክንድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ለእማ ዘይነባ የተተወ አንድ ክንድ፣ ነገ መንገዱ ሲሰፋ እሷኑ ቤት እንደገና የሚያስነሳ ነው። ሜትሩን እንደያዝኩ፣

«ጋሽ አራጋው፣ አንድ ክንድ ወደ ኋላ» አልኩ።

ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝም አልቀየምም ነበር። ጋሽ አራጋው ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ ሰምታችኋል፣ ወደ ኋላ አሉ። ያ ሁሉ ሰው ያን ሁሉ ሸክም ይዞ እንደ አንድ ሰው ወደ ኋላ ተራመደ። አንድም ያጉረመረመ የለም። ደንብ ሲከበር ያየሁት ያን ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ያየሁት ሰው ደንብ ሲፈራ ነበር።

ቤቷን ድንጋይ ላይ አሳርፈው በየቋሚው ሥር ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ ቋሚዎቹ ሲገቡበት፣ አፈሩ ተጠቅጥቆ ሲያልቅ፣ እማ ዘይነባ መጀመሪያ ገቡ። ውጭ ሆነን በማገሩ መሐል እናያቸዋለን። ምሰሶውን ዳሰሱ፣ የዕቃ መስቀያውን ዳሰሱ፣ አልጋው የሚቆምበት ጥግ ድረስ እየቆጠሩ ሄደው ተመለሱ። ከዚያ በሩ ላይ ቆመው ፊታቸውን ወደ ድምፃችን አዞሩ።

«ቤቱ ደርሷል» አሉ። «ሰፈሩስ?»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀንም። ጋሽ አራጋው፣ አራጋው አለሁ አሉ። ከጎናቸው ያለው ስሙን ተናገረ፣ ቀጥሎ ያለውም። ከቦኖው በኩል ሴቶቹ ተቀበሉ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የቆሙትም ጠሩ። ድምፁ ዙሪያውን ሲዞር እማ ዘይነባ አንገታቸውን ከእያንዳንዱ ጋር እያዞሩ የማን ደጅ በየት በኩል እንደሆነ ያዙ። መንገደኞቹ ተራቸው ሲደርስ ግራ ተጋቡ። አንዱ፣ እኔ ከአቀስታ ነኝ፣ አታውቁኝም ሲላቸው፣ አሁን አወቅሁህ ልጄ አሉት።

እኔ መንገድ ዳር ነበርኩ፣ ፊሽካዬን አፌ ላይ አድርጌ። ተሰልፈው የሚጠብቁ መኪናዎች አሉ። እማ ዘይነባ፣ ያቺ ደንብስ የት አለች ሲሉ ሰማሁ። ስሜን ተናገርኩ፤ መንገዱን ልክፈት ብዬ ነው አልኩ።

«መንገዱ ይቆይሽ» አሉኝ። «ነይ ግቢ።»

በሥራ ዘመኔ ስንት ደጅ ላይ ቆሜያለሁ። እንግዳ ሲያልፍ ኧረ ግቡ በሚል አገር፣ ሰደርያ ለብሼ ግቢ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ፊሽካዬን ኪሴ ከትቼ ገባሁ። ግድግዳ የሌለው ቤት ውስጥ፣ ዙሪያችንን ሰው ከቦን፣ እማ ዘይነባ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መኪናዎቹ ጠበቁ። አንድም ጡሩምባ አልሰማሁም።

ክረምቱ በዚያው ሰሞን ገባ። ምርጊቱ ገና ሳይደርቅ ትልቁ ዝናብ ወረደና እየሮጥኩ እሳቸው ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ፣ ቤቷ የነበረችበት ቦታ ላይ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ በአዲሱ ቦይ ያልፋል። እንዲህ ያለ ውሃ አይቼ አላውቅም። እማ ዘይነባ ከውስጥ የጎረቤት ልጅ ትከሻቸው ላይ አስተኝተው ያዳምጡ ነበር።

«አልጋዬ ላይ ነው አይደል የሚያልፈው?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። ቆርቆሮው አንድ ጠብታ አላስገባም። ልጁ እንዳይነቃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሩን ዝጊው አሉኝ። ዘጋሁትና ቁጭ አልኩ።